እንዳይደክሙ ብለን እናደክማቸው ይሆን?

በየሆስፒታሉ የመጠየቂያ ሰዓት ሲደርስ የሚታይ የታወቀ ነገር አለ። አንዲት እናት በስትሮክ ምክንያት ቀኝ እጃቸው ዝሏል እንበል። ልጆቻቸው ምሳ ቋጥረው ይመጣሉ። ትልቋ ታጎርሳቸዋለች፣ ወንዱ ትራሳቸውን ያስተካክላል፣ የልጅ ልጅ እግራቸውን ያሻል። በመሀል ነርሷ ትገባና «ግራ እጃቸው ደህና ነው፤ ማንኪያውን ለእሳቸው ስጧቸው፤ ራሳቸው ይብሉ» ትላለች። የቤተሰቡ ፊት ይለዋወጣል። «እኛ እያለን?» የሚል ይመጣል። ነርሷ ከወጣች በኋላ ደግሞ ሐሜቱ ይቀጥላል፦ «አንጀት የላትም»፣ «ሥራዋን እኛ ላይ መጣሏ ነው»።

ነርሷ ያን ያለችው ግን ከጭካኔም ከስንፍናም አይደለም። ትምህርት ቤት ገብታ ስትማረው የኖረችውን የሙያዋን መሠረት ነው የተናገረችው። ይህን መሠረት ቤተሰብ ቢያውቀው ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙት በየቤቱ የተኙት እናትና አባቶቻችን ናቸው። ምክንያቱም በአገራችን የሕመምተኛ አብዛኛው እንክብካቤ የሚሰጠው በነርስ እጅ ሳይሆን በአስታማሚ እጅ ነው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላማ ሙሉ በሙሉ የቤተሰብ ነው።

ከመርፌው በስተጀርባ ያለው

ነርስን «መርፌ ወጊ» ማለት የቆየ ልማድ ነው። ልጃቸው ነርሲንግ ሲደርሳት «ምነው ሐኪም በሆንሽ» ብለው የሚያዝኑ ወላጆችም ጥቂት አይደሉም። መርፌ መውጋት ብቻ ቢሆን ግን የአራት ዓመት የዲግሪ ትምህርት ባላስፈለገው ነበር። የነርሲንግ ትምህርት የሚጀምረው ከአራት ጥያቄዎች ነው፦ ሰው ማን ነው? ጤና ማለት ምንድን ነው? የሰውየው አካባቢ በጤናው ላይ ምን ያደርጋል? የነርስስ ድርሻ ምንድን ነው? ሐኪሙ በዋናነት በሽታውን ይከተላል። ነርሷ የምትከተለው ከበሽታው ጋር የሚኖረውን ሰው ነው። ይበላል? ይተኛል? ይፈራል? ሽንት ቤት እንዴት ይደርሳል? ቤቱ ሲገባ ማን ይጠብቀዋል?

ይህ አስተሳሰብ ቅርጽ መያዝ የጀመረው በእንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለዱት ናይቲንጌል ከባለጸጋ ቤተሰብ የወጡ ሲሆኑ፣ ነርስ መሆን እፈልጋለሁ ሲሉ ቤተሰባቸው «ለእኛ ዓይነት ሰው ልጅ የማይሆን ሥራ» ብሎ ለዓመታት ተቃውሟቸዋል። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1854 እ.ኤ.አ. 38 ሴቶችን አስከትለው ወደ ቱርኳ ስኩታሪ ሆስፒታል ሄዱ። በ1855 መጀመሪያ ላይ እዚያ ከሚታከሙት 100 ወታደሮች ወደ 42 የሚጠጉት ይሞቱ ነበር። ብዙዎቹን የገደለው ቁስላቸው ሳይሆን እንደ ታይፎይድና ተቅማጥ ያለ በሽታ ነበር። ከመንግሥት የተላከ የንጽሕና ኮሚሽን የሆስፒታሉን የቆሻሻ ቦይ አጸዳ፤ አየር እንዲገባም አደረገ። ከዚያ በኋላ የሟቹ ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 ከመቶ ወረደ።

ናይቲንጌል ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ለየቤታችን የሚሆን ነው። ፈዋሹ ተፈጥሮ ራሱ ነው፤ የአስታማሚው ሥራ ደግሞ ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ጸጥታ፣ ንጽሕናና ተስማሚ ምግብ እየሰጠ ለተፈጥሮ መንገድ መጥረግ ነው ብለው ጻፉ። ከበሽታው መጣ የምንለው ስቃይ ብዙ ጊዜ ከአያያዝ ጉድለት የመጣ ነው ሲሉም ተናገሩ፤ ለዚህ ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ የአልጋ ቁስል ነው። እኛ ግን ዛሬም «ብርድ እንዳይመታቸው» ብለን መስኮት እንዘጋለን፣ መጋረጃ እንጋርዳለን፣ ጠያቂ ሲመጣ አሥር ሰው በአንዲት ክፍል እናስቀምጣለን።

«ያቃታቸው ምንድን ነው?»

ከናይቲንጌል በኋላ የነርስን ድርሻ በጥቂት ቃል የገለጹት አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን ናቸው። የእሳቸው አሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ነርስ ሰውየው አቅሙ፣ ፈቃዱና እውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ለራሱ የሚያደርገውን ነገር እንዲያደርግ ታግዘዋለች፤ የምታግዘውም ቶሎ ራሱን እንዲችል በሚያደርግ መንገድ ነው። መዳን የማይቻል ከሆነም በሰላም እንዲያልፍ ትረዳዋለች።

ሦስቱን ቃላት ልብ ይበሉ፦ አቅም፣ ፈቃድ፣ እውቀት። በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ በአንድ ምሳሌ እንይ። አባት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ብረት ገብቶላቸዋል። ሐኪሙ ተነሥተው እንዲራመዱ አዟል። ሳምንት አለፈ፣ አልተነሡም። ምን ሆነው ነው?

አቅም አንሷቸው ከሆነ፣ ከመራመጃ ብረትና ከአንድ ጠንካራ ክንድ ጋር ቀን በቀን ጥቂት እርምጃ እየጨመሩ መሄድ ነው። ምግባቸውም ይታይ፤ በአጥሚት ብቻ የሚውል ሰው ጡንቻ ከየት ያመጣል? እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር ይጨመርላቸው።

ፈቃድ ካጡ ነገሩ ሌላ ነው። ዳግመኛ መውደቅን ፈርተው ይሆናል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ መነሣትም ሆነ መኖር ትርጉም አጥቶባቸው ይሆናል። እዚህ ላይ «ተነሡ እንጂ!» እያሉ መጨቃጨቅ አይረዳም። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «አባዬ፣ ምን ያሳስብዎታል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን የሚያዳምጥ ሲያጣም ሰው ይደብቃል። ሂልደጋርድ ፔፕላው የተባሉ የአእምሮ ሕክምና ነርስ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በነርሷና በታካሚው መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል መሆኑን አስረድተዋል።

እውቀት አጥተው ከሆነ ደግሞ «ከረገጥኩት ብረቱ ይነቀላል» ብለው ያምናሉ ማለት ነው። ለዚህ የሚበጀው ሐኪሙ ወይም ነርሷ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስረዷቸው ማድረግ ነው።

ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ አባት አልተነሡም። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ፈርተው የተኙትን ሰው ማብላት ብቻ ፍርሃታቸውን አያስለቅቅም።

ሦስት ዓይነት እገዛ

ሌላዋ አሜሪካዊት ነርስ ዶሮቲያ ኦረም እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ሰው በተፈጥሮው ራሱን የሚንከባከብ ፍጡር ነው ከሚል መነሻ ይጀምራሉ። ነርስ የምታስፈልገው ሰውየው ለራሱ ማድረግ በሚችለውና በሚያስፈልገው መካከል ክፍተት ሲፈጠር ነው። እገዛዋም በክፍተቱ ልክ መሆን አለበት። ኦረም እገዛን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል።

አንደኛው ሙሉ እገዛ ነው። ራሱን ለሳተ ወይም ጨርሶ መንቀሳቀስ ለማይችል ሰው ሁሉም ነገር ይደረግለታል። ሁለተኛው ከፊል እገዛ ነው፤ ሰውየው የሚችለውን ይሠራል፣ የቀረውን ሌላው ይሞላለታል። ሦስተኛው ምክርና ትምህርት ነው። ሰውየው ሁሉንም ይችላል፣ ግን ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚወጋ ወይም የግፊት ኪኒኑን ለምን በየቀኑ እንደሚውጥ የሚያሳየው ይፈልጋል።

የእኛ ቤት ትልቁ ችግር እዚህ ላይ ነው። ከፊል እገዛ ለሚበቃው ሰው ሙሉ እገዛ እንሰጣለን። ይህን የምናደርገው በፍቅር ነው፤ አንዳንዴም በችኮላ ነው። እናት ራሳቸው ልብሳቸውን ሲለብሱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ልጅ ስታለብሳቸው ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከውጭ አገር በየሳምንቱ የሚደውለው ልጅም «ለምን ታለፏታላችሁ? ገንዘብ እልካለሁ፣ ሠራተኛ ቅጠሩላት» ይላል።

አካል ግን ያልተጠቀሙበትን አያቆይም። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በወጣ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በእነዚህ 10 ቀናት ከእግራቸው ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ያልሆነ ሥጋ ቀነሰ። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ጤነኞች ነበሩ። የታመመ፣ በደንብ ያልበላ፣ የ80 ዓመት ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት ነው። ቀድሞ ወደ ሽንት ቤት ይሄዱ የነበሩ እናት «አይድከሙ» ተብለው ለአንድ ወር ፖፖ ሲቀርብላቸው፣ በወሩ መጨረሻ መሄዱን ቢፈልጉትም አይችሉትም። እንዳይደክሙ ብለን ያደረግነው ያደክማቸዋል ማለት ይኸው ነው።

የተሻለው መንገድ ሥራውን መካፈል ነው። ስናጥባቸው ውኃና ፎጣ አቅርበን ፊታቸውንና ገላቸውን በሚሠራው እጃቸው ራሳቸው ይታጠቡ፤ ጀርባና እግር የእኛ ይሁን። በተለይ ኀፍረት ያለበትን አካል ራሳቸው መታጠብ ከቻሉ ያ ትልቅ ክብር ነው። የማናጥበውን የሰውነት ክፍል በነጠላ እንሸፍን። ልብስ ስናለብስ የደከመውን እጅ አስቀድመን እናስገባ፤ ስናወልቅ ግን መጨረሻ ላይ እናውጣው። ዝቅ ካለ ዱካ ይልቅ የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ይቅረብላቸው፤ ከእሱ ተደግፎ መነሣት ይቀላል። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማና ጠርዙ የተገለበጠ ምንጣፍ ይነሣ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ለሌሊት አንድ መቀመጫ አልጋው አጠገብ ይዘጋጅ፤ ቀን ቀን ግን እየተደገፉ ይሂዱ።

አሥራ አራቱ ነገሮች፣ በተለይ አሥራ ሁለተኛው

ሄንደርሰን የሰውን መሠረታዊ ፍላጎት በ14 ይዘረዝሩታል። መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት፣ መጸዳዳት፣ መንቀሳቀስ፣ መተኛት፣ መልበስ፣ የሰውነትን ሙቀት መጠበቅ፣ ንጽሕና፣ ከአደጋ መጠበቅ፤ እነዚህ ዘጠኙ ስለ አካል ናቸው። ቀጥሎ ስሜትን ለሰው መግለጽ፣ እንደ እምነት መጸለይ፣ አንድ ነገር ሠራሁ የሚያሰኝ ሥራ መሥራት፣ መዝናናት እና መማር ይመጣሉ።

ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ዘጠኙን ይሞላና ቀሪዎቹን አምስት ይረሳል። አያት በልተዋል፣ ታጥበዋል፣ ተኝተዋል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? እንላለን። አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደሩ ሴት ግን አንድ ቀን በድንገት የሚያስፈልጉበት ነገር ሲያጡ ውስጣቸው ይሰበራል። ምስር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ ቁጭ ብለው የቡናውን አቆላል ማዘዝ፣ የልጅ ልጅ የቤት ሥራውን ጮክ ብሎ ሲያነብላቸው ማረም ይችላሉ። የተለቀመው ምስር ውስጥ አንድ ሁለት ጠጠር ቢቀር ምንም አይደለም፤ እሳቸው ሳያዩ ደግሞ መልቀም ይቻላል። እሳቸው ግን ዛሬ ለቤቱ ወጥ የድርሻቸውን አዋጥተዋል።

«ይህ የፈረንጅ ፍልስፍና አይደለም ወይ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ራስን መቻል የሚባለው ነገር በእኛ ዘንድ እንደ ሌላው አገር የመጨረሻው ክብር አይደለም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲጦር ማየት የልጅ ኩራት ነው፤ አጉራሹም ጎራሹም ይመረቅበታል። ለራሳቸው መብላት የሚችሉ ሰዎች እንኳ ይጎራረሳሉ።

ይህን ጥያቄ ራሱ የነርሲንግ ትምህርት አንሥቶታል። ማደሊን ሌይኒንገር የተባሉ ነርስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሕፃናትን ሲንከባከቡ አንዱን ያጽናናው ሌላውን እንደማያጽናና፣ ይህም ከየቤተሰባቸው ባህል ጋር የተያያዘ መሆኑን አስተዋሉ። ከዚያም የሰው ልጅ ባህል ጥናት ተምረው እስከ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄደው አጠኑ። የደረሱበት ድምዳሜ ነርስ የሰውየውን ባህል ሳታውቅ በደንብ ልትንከባከበው አትችልም የሚል ነው። ስለዚህ ሦስት መንገድ አስቀመጡ፦ የሚጠቅመውን ልማድ መጠበቅ፣ የሚያስማማውን ተነጋግሮ ማስማማት፣ የሚጎዳውን ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ተመካክሮ መለወጥ።

በእኛ ኑሮ ይህ ምን ይመስላል? በሽተኛ መጠየቅ የሚጠበቅ ልማድ ነው፤ ብቸኝነትን ያርቃል። ግን ሁሉም በአንድ ሰዓት ከሚመጣ ተራ ይያዝለት፤ ያ ማስማማት ነው። ስኳር ያለባቸው እናት ልጹም ካሉ ዝም ብሎ መከልከልም ዝም ብሎ መተውም ልክ አይደለም። ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። በረመዳንም እንዲሁ፣ እስልምና ለታመመ ሰው ያደረገውን ማቅለያ ከሃይማኖት አዋቂ መጠየቅ ነው። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ መድኃኒታቸው አብሮ ይሂድ። ተኝተው ሳለ ወተት በአፋቸው ማንቆርቆር ግን የሚለወጥ ልማድ ነው፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና።

ስለ ጉርሻውም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ምግባቸውን ራሳቸው ይብሉ፤ በመሀል ግን የፍቅር ጉርሻ ይጉረሱ፣ እሳቸውም በደህናው እጃቸው ያጉርሱን። ግባችን ብቻቸውን እንዲኖሩ ማድረግ አይደለም። በቤተሰባቸው መካከል፣ የራሳቸው ድርሻ ኖሯቸው እንዲኖሩ ነው።

ልክ የሚያጣበት ቦታ

«ራሳቸው ያድርጉት» ማለት ሁልጊዜ ትክክል አይሆንም። ስትሮክ የመታው ሰው የመዋጥ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከምግብ በፊት መዋጥ መቻሉ በባለሙያ ይታይ። ሲበሉ ቀና ብለው ይቀመጡ። የሚያስላቸው፣ ድምፃቸው የሚረጥብ ወይም ምግብ በጉንጫቸው የሚቀር ከሆነ ያቁሙና ለጤና ባለሙያ ይንገሩ። ከባድ ትኩሳት ያለበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም በሕይወቱ መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ዕረፍት እንጂ ልምምድ አያስፈልገውም።

ጨርሶ መገላበጥ ለማይችል ሰው ደግሞ የኦረም የመጀመሪያው ዓይነት፣ ሙሉ እገዛ ግዴታ ነው። በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎን መለወጥ፣ ተረከዝ ከፍራሹ ከፍ እንዲል ትራስ ከቅልጥም ሥር ማድረግ፣ አንሶላ እንዳይጨማደድና እንዳይረጥብ መጠበቅ ያስፈልጋል። ወገብ ሥር፣ ዳሌና ተረከዝ በየቀኑ ይታዩ። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በእጅ ይዳሰስ። ከሌላው ቦታ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የሚያም ከሆነ የአልጋ ቁስል እየጀመረ ሊሆን ስለሚችል ያን ቦታ ከማሸት ይልቅ ጫናውን ማንሣትና ባለሙያ ማሳየት ነው።

አስታማሚዋንስ ማን ያስታምማት?

በብዙ ቤት ሸክሙ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በሠራተኛዋ ላይ ነው። ወንዶቹ ልጆች ይጠይቃሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይመርቃሉ፤ ሌሊት የምትነሣው ግን እሷ ናት። የተኛውን ሰው አሥራ አራት ፍላጎት ስንቆጥር የእሷንም እንቁጠር። ተኝታለች? በልታለች? ወገቧን አያማትም? በሳምንት አንድ ሌሊት ሌላው ልጅ ቢያድር፣ ወንድ ልጅም አባቱን ማጠብ ቢለምድ ማንም አይዋረድም። በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 የተመረቁት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ የታመመ ማጠብን ዝቅ ያለ ሥራ አላሉትም።

ቤተሰብዎ ውስጥ ታሞ ከሆስፒታል ሊወጣ የተዘጋጀ ሰው ካለ፣ መኪና ከመጥራትዎ በፊት ነርሷን ሦስት ነገር ይጠይቋት። ራሳቸው ማድረግ የሚችሉት ምንድን ነው? ከእኛ ጋር ሆነው የሚያደርጉት የትኛው ነው? እኛ ብቻ የምናደርግላቸውስ? መልሷን በወረቀት ይጻፉና አልጋው አጠገብ ይለጥፉት፤ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ያንብበው። በየሁለት ሳምንቱም ይከልሱት። ከ«እኛ ብቻ» ወደ «ከእኛ ጋር»፣ ከዚያም ወደ «ራሳቸው» የተሸጋገረች አንዲት ነገር ብትገኝ፣ ፊትን መታጠብም ብትሆን፣ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ናት።